ቦራ የሚቆምበት ቦታ

ለአባዬ፣ ለቦራ ጌታ፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ ብጠይቅህም አትመልስልኝም። በሰኔ ጭቃ ሸኘንህ፣ ክረምቱ አለፈ፣ አሁን ጤፉ እየታጨደ ነው። እኔ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ።

እማዬ ከል ለብሳለች። ጋሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሳቅ እንግዲህ! የደምበጫ ሰውማ ስቆ አልጠገበም። ፈረስህ ቦራም ቢሆን እንደ አንድ ኩንታል እንጂ እንደ ነጂ አይቆጥረኝም። ሙት ዓመትህ እስኪደርስ ቤታችን ሙዚቃ አይከፈትም። ራዲዮኑ ጨርቅ ተጥሎበታል፣ የኔም ድምፅ ማጉያ አልጋ ስር ገብቷል። እኔ ግን የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ያቺን አንተ "ትርምስ" የምትላትን ሙዚቃ ስልኬ ላይ እነካካለሁ። አትቆጣ፤ ላንተው ነው።

ስልኬን ጋሪው ላይ አስሬ የቦራን ኮቴ ስቀዳ ታስታውሳለህ? ከበሮውን ሁሉ በዚያ ኮቴ ፍጥነት ሠራሁት። ባሰማህ ጊዜ፣ "ይሄ እኮ ባዶ ጋሪ ይዞ ወደ ገለባው ሲሮጥ ነው። ጭነት ላይ እንዲህ ብታስኬደው ፈረሴን ትገድልብኛለህ" አልክ። መቼ ዝም እላለሁ፣ "በዚህ የሚጨፍሩት ኩንታል አይሸከሙም አባዬ" አልኩህ። በአለንጋው እጀታ ጎሸም አድርገኸኝ፣ "አንተ ቀልማዳ፣ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ የጣለህ ፈረስ የማን ነበር?" ብለህ ሳቅክ።

አሁን የሙዚቃዋን ፍጥነት ቀንሻለሁ። ቦራ እህል ጭኖ ከገበያ ሲወጣ በሚሄድበት ነው የምትሄደው።

ቅኝቷም ያንተ ናት፤ ዳገት ላይ ወርደህ ልጓሙን ይዘህ ለቦራ የምታፏጭለት አንቺሆዬ። ስልኩ አስተካክላለሁ እያለ ወደ ፈረንጅ ቅኝት ሲጎትትብኝ እልህ ይዞኝ በጆሮዬ ብቻ መለስኳት። ግን የማሽን ዋሽንት ነው አባዬ፤ የጥርስህ ክፍተት የለበትም። ያን ቀን ኮቴውን ስቀዳ አጠገቤ ታፏጭ ነበር። "ዝም በል፣ ድምፅ ታበላሽብኛለህ" አልኩህ። አንተም ዝም አልክልኝ። በሕይወትህ ለማንም ዝም ብለህ የማታውቅ ሰውዬ፣ ያን ቀን ምነው እምቢ ብትለኝ!

አንድ ነገር ግን ተቀድቷል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ኮፍያህን አውልቀህ ስትሳለም ቦራ ይቆማል፤ ኮቴውም ዝም ይላል። ያኔ ያቺን ዝምታ ቆርጬ ጥያት ነበር። ጋሪውን በያዝኩ ሰሞን ታዲያ በሩ ጋ ስንደርስ ቦራ በራሱ ቀጥ አለና በአፍንጫዬ ልደፋ! "ቼ" ብለው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች። ኮፍያዬን ሳወልቅ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሰዉ ፊት አሳቀብኝ። እኔም ስቄ ነበር፤ ቤት ስገባ ነው ያለቀስኩት።

ዝምታዋን መልሼ መሃል ላይ አስገባኋት። ሰርግ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውተው ጓደኛዬ አበጀ ሰምቶ፣ "ሰዉ ሲጨፍር መብራት የጠፋ ነው የሚመስለው። እሷን ቁረጥልኝና ለጥር ሰርግ እወስዳታለሁ" አለኝ። "ደሞ ስሜቷ ምንድን ነው? ደስታ ናት ኀዘን?" እኔ ምን አውቄ! ሥራዬ በሰው ሰርግ ሲከፈት መስማት ስንት ዘመን የተመኘሁት ነው፤ ልቆርጣት ተነሥቼ ነበር።

እሑድ እማዬ አንገቴን ስነቀንቅ ያዘችኝ። ትቆጣለች ስል አጠገቤ ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋች፤ አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋት። ምንም አልነገርኳትም። ኮቴው መጣ፣ ዋሽንቱ መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ አማተበች። ኮቴው እንደገና ሲጀምር፣ "አዎ፣ እንዲህ ቀስ ብሎ ነበር የሚነሣው" አለች።

አበጀን፣ "ከነዝምታዋ ትወስዳት እንደሆነ ውሰዳት፣ አለዚያ ተዋት" አልኩት። እሱም ተዋት።

ሙት ዓመትህ ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን ከአልጋ ስር አውጥቼ ለሰፈሩ ሁሉ አሰማለሁ። እስከዚያው ቦራ በቆመበት እቆማለሁ፤ ሳይጠብቀኝም ኮፍያዬን አወልቃለሁ።

ቀልማዳው ልጅህ