አርባ አንደኛዋ ሴት

ሞክፖ፣ ጥቅምት

ውድ እማማ ሱንዶክ፣

ይህን ወረቀት በበርዎ ሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው መጋቢት መጠይቅ ይዤ የመጣሁት ተማሪ፣ ሚርዮንግ። ልጅዎና ምራትዎ ዓሣ ፋብሪካ በሚውሉበት ሰዓት የመጣሁት ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው። ማንኳኳቱን ግን አልደፈርኩም። ፊደሉን ያተለቅኩት የመነጽርዎ አንድ ዓይን መሰንጠቁን ስለማስታውስ ነው።

ያኔ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። የስታቲስቲክስ መግቢያን ሁለት ጊዜ ወድቄ ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ሥራዬን ለቅቄ የገባሁበት ትምህርት ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ብወድቅ እባረር ነበር። መስኮት በሌለው የኮምፒውተር ክፍል ቁጥር ላይ አፍጥጬ እውል ነበር።

አማካይ ምን እንደሆነ ላስረዳዎት ስሞክር ትዝ ይልዎታል? «በሳምንት እርስዎን ማንም ባይጠይቅዎ፣ ጎረቤትዎን ደግሞ ሁለት ሰው ቢጠይቃት፣ በአማካይ እያንዳንዳችሁን አንድ ሰው ጠየቃችሁ ማለት ነው» አልኩዎት።

«እና የእኔ እንግዳ የታለ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቀጥዬ ብቸኝነትዎ ከሃያ ስንት እንደሚሆን ጠየቅኩዎት። ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «አሥራ ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ደክሟቸው ይመጣሉ፣ በልተው ይተኛሉ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ አልወርድም፤ መሬት ከረገጥኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአረጋውያን መርጃ ማዕከሉ ልትጠይቀኝ የምትመጣው ልጅ ባትኖር መናገርም እረሳ ነበር።»

የጠየቅኳቸው አረጋውያን አርባ አንድ ነበሩ። የብቸኝነቱ ግራፍ ላይ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩት ሁሉ ብቻቸውን ከሚኖሩት በታች ተሰበሰቡ፤ እርስዎ ብቻ ከላይ ቀሩ። ስሌቱ፣ በሁለቱ መካከል ያየሁት ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ ሊታይ የሚችልበት ዕድል ከመቶ ሰባት ነው አለ። ከአምስት ካልወረደ ደግሞ ግኝት አይባልም።

ትምህርቱን የሚያስተምረኝ ፕሮፌሰር ፒዮ ከኋላዬ ቆሞ አየው። «ይቺ ሴትዮ ጥያቄው አልገባትም። አውጫት» አለኝ።

«ገብቷቸዋል ፕሮፌሰር። አጠገባቸው ነበርኩ።»

«መመረቅ ነው የምትፈልጊው ወይስ መከራከር?»

አወጣሁዎት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሰባቱ አራት ሆነ፤ እኔም አለፍኩ። ጓደኞቼ የተጠበሰ ዶሮ ጋበዙኝ፣ እኔ ግን ድርሻዬን ሳልነካው ተነሳሁ።

ከዚያ ማዕከሉ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰው ብቸኛ አይደለም የሚለውን ጥናቴን አንብቦ፣ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩትን አረጋውያን መጎብኘት ማቆሙን ሰማሁ። እማማ፣ የማክሰኞዋ ልጅ የቀረችው ስለሰለቿት አይደለም። በእኔ ምክንያት ነው።

ሮጬ ወደ ፕሮፌሰሩ ሄድኩ። «ወረቀቱ ላይ የእኔም ስም አለ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ዝም በይና ተመረቂ።»

ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ብናገር ትምህርቴ ሊቀር ነው፣ ዝም ብል አራተኛ ፎቅ ላይ ዘግቼብዎት መቅረቴ ነው። ክፍል ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ምንም ሳልሠራ እወጣለሁ። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ክፍሉም ለማዕከሉም ጻፍኩ። አርባ አንዱንም ሰው መልሼ አስገባሁ፣ ማን እንዳወጣዎትም ተናገርኩ፤ ፕሮፌሰሩ ቢያዘኝም ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስምዎን የትም አላነሳሁም። ትናንት መልስ መጣ፤ ውጤቴ ታግዷል። ማዕከሉ ግን እስካሁን ዝም ብሏል፤ ጉብኝቱ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም።

ሐሙስ ጠዋት ከወንድሜ ጋር እመጣለሁ። ወደብ ላይ ጭነት የሚሸከም ሰው ነው፣ ጀርባው ሰፊ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ አዝሎ ያወርድዎታል፤ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን የሩዝ ኬክ እንበላለን። ሊያዩኝ ካልፈለጉ በሩን አይክፈቱ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመን እንሄዳለን። ማክሰኞ ግን እንደገና እመጣለሁ።

የበደለችዎት፣
ሚርዮንግ