ከጤቤ ጋር ማዕድ የማይቆርሱ ቤቶች

ለተከበሩ አቶ ለሊሳ
የአቶ ሙለታን አገዳደል ላጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አካም ጂርቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? ያ የሚያስቸግርዎ ወገብዎስ ተሻለው? እኛ እዚህ ሮቤ ብርዱ ቢጠናብንም ደህና ነን። ጎረቤቴ ጤቤ፣ የሟቹ ባለቤት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ጎባ ሐኪም ዘንድ ስትመላለስ ከርማለች፤ ልጇ ሴናም ትምህርቷን አቋርጣ እናቷን ታስታምማለች። ይህን የምነግርዎ ቤቱን እንደ ራስዎ ቤት ስለሚያውቁት፣ ሙለታም የክፍል ጓደኛዎ ስለነበረ ነው።

ሪፖርትዎን በሬዲዮ ሰማነው። ጉቱ የተባለው ልጅ ሙለታን «በራሱ ተነሳስቶ፣ ያለማንም ተባባሪ» ተኩሶ እንደገደለው ደርሰውበታል። ስለ ድካምዎ ያለኝን ምስጋና በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የጉቱን ችሎታ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። እኛ የምናውቀው በገበያ ቀን የሰው በግ ሲነዳ ነበር። ለካስ የምክር ቤት አባሉ ሙለታ ስለ ገበሬዎች መሬት መነጠቅ በጉባኤ ሊናገር መሆኑን፣ ከጎባ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ጠባቂዎቹም በዚያው ቀን ዕረፍት እንደወጡ ማንም ሳይነግረው የሚያውቅ ሰው ኖሯል። እንዲህ ያለ አዋቂ አጠገባችን እያለ በግ ማስነዳታችን ያሳፍራል።

ሁለተኛ፦ የሙለታ ሾፌር ኢብሳ ጎማ ልይ ብሎ መኪናውን ልክ ጉቱ የቆመበት ቦታ ማቆሙን «አጋጣሚ» ብለውታል። አቶ በለጠ፣ የጥበቃ ኃላፊው፣ ጠባቂዎቹን ማሰናበታቸውንም «አጋጣሚ» ብለውታል። ለአንዲት ምስኪን ቤት በአንድ ቀን ይህን ያህል አጋጣሚ ስለመደቡላት ውለታዎን አንረሳም።

ሦስተኛው የራሴ ነው። ጤቤ መመስከር ፈርታ ነበር። «ተይ አንቺ፣ ለሊሳ የኛው ልጅ ነው፣ ከሙለታ ጋር በአንድ ዴስክ የተማረ፣ አያሳፍረንም» ብዬ ያደፋፈርኳት እኔ ነኝ። እርስዎም እዚያው ጤቤ ቤት ተቀምጠው፣ በቅቤ የታሸውን የገብስ ጩኮ በልተው፣ ጨምሪልኝ ብለው፣ «እቴ ሸዋዓለም፣ ሁሉንም ሳላወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። ጤቤ ቃልዎን አምና፣ ኢብሳና አቶ በለጠ ከግድያው በፊት ጉቱን በመኪና ጭነው ሲሄዱ ማየቷን ነገረችዎ። ቃሏ በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ኢብሳ ጆሮ ግን በሁለተኛው ቀን ደርሷል። ለመሆኑ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?

አራተኛ፦ እርስዎ የአገሩ ልጅ ስለሆኑ የጉማን፣ የደም ዕርቁን፣ ነገር አላስተምርዎትም። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ እንግዶች ግን ልናገር፦ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ሽማግሌ ገብቶ እስኪታረቅ ድረስ፣ የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር ማዕድ አይቆርስም፣ ውሃም አይጠጣም። እጁ ያለበት ራሱን ስለሚያውቅ ተነስ የሚለው ሰው አያስፈልገውም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የሐመልማል ልጅ ሠርግ ላይ ጤቤና ሴና ድንኳን ገብተው ሲቀመጡ፣ የጉቱ እናት ሳትቀምስ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ይህን ጠብቀነው ነበር። ቀጥሎ የኢብሳ ሚስት የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ተነሳች። ከዚያ የአቶ በለጠ ወንድሞች «ሆዳችንን አመመን» እያሉ ተከታትለው ወጡ፤ ምግቡን ገና ሳይነኩት ነው የታመሙት። የጊኒሯ ነጋዴ ጁሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ወላሂ፣ ኮሚቴው ስንት ወር የለፋበትን ሠርጉ በአንድ ምሳ ጨረሰው» አለችኝ።

እሁድ የጉቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ይመጣሉ። ጤቤ እሺ ካለች የሙለታ ደም በዚያች ምስኪን እናት ደጃፍ ብቻ ይዘጋል፤ ሌሎቹም ነፃ ሆነው ከእኛ ጋር ይበላሉ። ትናንት ጤቤ፣ «የጉቱን እናት እቀበላታለሁ፣ እሷም ልጇን በወህኒ አጥታለች። ብቻዋን ግን አትምጣ፤ ከሠርጉ ሳይበሉ የወጡት ሁሉ አብረዋት ይምጡ። እስከዚያ ዕርቅ የለም» አለችኝ። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ሰምተዋል። ኮሚቴዎ ፋይሉን ስለዘጋ በዚህ እንደማይቸገር አምናለሁ።

ለጤናዎ፣ ለወገብዎና ለወንበርዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ በሰጡን ቃል ልክ አከብርዎታለሁ።

ሸዋዓለም፣ «እቴ» ያሏት
ሮቤ

የረሳሁት፦ ሪፖርቱ በሬዲዮ ከመነገሩ በፊት ለጤቤ ሊያስታውቁ ቤቷ የመጡ ዕለት፣ እንደ ልማድዎ ጩኮ አቅርቤልዎ ነበር። አልነኩትም፤ ውሃ እንኳ ሳይጎነጩ ወጡ። እኔ ሞኟ ቸኩለው መስሎኝ ሳህኑን ከድኜ አስቀመጥኩልዎት። እሁድ ለዕርቅ ለሚመጡት መቀመጫ ስናሰናዳ፣ ለእርስዎ ወገኖችም ቦታ ይዘናል።