ለማነጻጸሪያ የመጣው ውሃ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ያን ቀን ከቤቴ ከወጣህ ወዲህ ድምፅህ ጠፋብኝ። ደህና ነህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ ሱቅ ቆሜ ስለምውል እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። ንግዱም አለ፤ ሰሞኑን ጀሪካን በደንብ ይሸጣል፤ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር አንተ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ እየመጣች ስትማር ደስታዋን አይተሃል። የወንዙን ውሃ ስትመረምር «ለማነጻጸሪያ ንጹሕ ውሃ ያዢ» ብለሃት፣ ከጓሯችን ጉድጓድ ቀድታ መጣች። የላቦራቶሪውን የተጣራ ውሃ ማለትህ እንደሆነ ማን ነገራት? እኛ ቤት ንጹሕ ውሃ ሲባል ሰምታ ያደገችው ያንን ነው። እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ከወንዙ ይልቅ በእሷ ጠርሙስ ሲበዛ «ጠርሙስ ማጠብ የማትችል ተመራማሪ» ብለህ ጓደኞቿ ፊት ሳቅህባት። አጥባ ደገመችው፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ራስህ መጥተህ ቀዳህ። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ቀረ።

ትናንት ስታለቅስ አገኘኋት። «አጎቴ የጉድጓዱን ውጤት ከጽሑፉ አውጪው አለኝ። ያልወደዱትን ቁጥር መሰረዝ ስርቆት ነው ብሎ ያስተማረን እኮ ራሱ ነው» አለችኝ።

ነገሩ ይገባኛል፣ ወንድሜ። እማዬን እግሯ ማበጥ ጀምሮ ኩላሊቷ ነው በተባለ ጊዜ፣ የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ይበዛበታል ብለህ እስክትሞት ድረስ ከጉድጓዱ እየቀዳህ ያጠጣሃት አንተ ነህ። ብርጭቆውን የማቀብላት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሱቄ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ጉድጓዱን ቆልፌዋለሁ። ምክንያቱን ስላልተናገርኩ ጎረቤቱ «ጀሪካን ልትሸጥልን ብላ ውሃ ነሳችን» ይለኛል። ይበል። ግን የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸውም አሉ፤ እሱም እንደኛው የመኪና ባትሪ እያደሰ እርሳስ ከሚያፈሰው ሰውዬ አጥር አይርቅም፤ ልጆቻቸው ዛሬም ከዚያ ይጠጣሉ። እኔ ብነግራቸው የነጋዴ ወሬ ነው። ቅዳሜ ልጄ ጥናቷን ትምህርት ቤት ወላጆች ፊት ስታቀርብ ግን ይሰሟታል። ቁጥሩን አውጪ አትበላት፤ ከጎኗም ቁምላት።

የእማዬን ነገር ለእሷ አላነሳሁም፤ አንተም አታንሳባት። እግሬን አይታ «ሱቅ ስለምትቆሚ ነው አይደል?» ስትለኝ «አዎ» ብያታለሁ። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከቅዳሜ በኋላ እንዲሆን ያደረግሁት እኔው ነኝ።

የእማዬ ምርቃት አይለይህ፤ ልብህንም ያሳርፍልህ። ውሃ ከቧንቧ ጠጣ።

ታላቅ እህትህ