ለአሮጌዋ ሬዲዮዬ አንቴና ፍለጋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1976

ዶሮዋ የሬዲዮዬን አንቴና ሰበረችው። ቆጥ አልጠፋ... እሱ ላይ ካልሰፈርኩ ብላ። ጎረቤቴ ይመኙሻል፣ «ራስሽ ሰብረሽ በዶሮ ታሳብቢያለሽ» አለችኝ። የዚች ሴትዮ ምላስ መቼ ነው የሚያርፈው? የኔስ?

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደፍጥርጥሩ። አሁን ግን የልጅ ልጄ ወለተሐና ከአንኮበር ኪነት ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄዳ ልትዘፍን ነው። በዚህ እሑድ ሳይሆን በሚቀጥለው በሬዲዮ ይወጣል። በእጄ ያሳደግኳት ልጅ... አገር ሲሰማት እኔ ልቅር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ሬዲዮ ሠሪው ገብረአብ አዲስ አንቴና አወጣ። ሲስበው ሲስበው አያልቅም።

«እማማ፣ ሬዲዮዎ አሮጌ ስለሆነ ከሥሩ ትንሽ ሞርጄ አስገባዋለሁ። የሚሻልዎ ይሄ ነው።»

እሺ ልል ስል ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፣ «ረጅም አንቴና የባዕድ ጣቢያ ይስባል አሉ። ቀበሌ ከሰማ...» አለች።

«አንቴና ጣቢያ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ጣት ነው» ብሎ ገብረአብ ሳቀ።

እሱ ይሳቅ። ቀበሌ የሚጠራው እኔን። ትቼው ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

አሊዩ አምባ ገበያ ወረድኩ። ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን እንደኔው ካረጀ ሬዲዮ የነቀለው አጭር አንቴና አለው።

«ወላሂ እናቴ፣ ለሬዲዮዎ ልኩ ነው። ግን ቤትዎ ገደል ሥር ነው ብለውኛል... አያጥርም?»

«እኔም አጭር ነኝ። ማን ሳይሰማኝ ቀረ?»

እየሳቀ ገጠመው። ልክክ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ሽሽሽሽ... ሌላ የለም። ይመኙሻል፣ «ዘፈኑስ ደኅና ነው» ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ነገ ነው። ሬዲዮዋን ታቅፌ ያልቆምኩበት ቦታ የለም። ጓሮ ድንጋይ ላይ ወጥቼ አንቴናውን ወዲያ ወዲህ ሳዞር ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ ወልደተንሣኤ።

«እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«አጭር ነው ጓድ... ይኸው፣ ይዩት፣ አጭር ነው።»

ግራ ገባው። የረጅሙን ነገር ብነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ለካ የሱም ልጅ ከቡድኑ ጋር ከበሮ መቺ ሆኖ ሄዷል። የቤቱ ሬዲዮ ተበላሽቶበት፣ ነገ መጥቼ ልስማ ብሎ ሊለምነኝ ነው የመጣው። ጫማውን አውልቆ ቆርቆሮዬ ላይ ወጣና ከአንቴናዬ እስከ ባሕር ዛፉ ሽቦ ዘረጋ። የገብረአብን አንቴና ስንት እጥፍ... እኔ ምን አገባኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ጥርት አለ። ቤቴ ለሰው አልበቃ ብሎ ደጅ ድረስ ሞላ። መሃል ላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻዋን ወጣች። «ይቺ ናት፣ የኔዋ» አልኩ። እንባዬ መጣ። ሰዉም አብሮኝ አለቀሰ። ይመኙሻል እንኳ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ወለተሐና መጣች። ድምጿ የለም። አዲስ አበባ እንደገቡ ጉሮሮዋ ተዘግቶ... በሹክሹክታ ነገረችኝ።

«እማማ፣ እኔ አልዘፈንኩም። ከኋላ ቆሜ ሳጨበጭብ ነው የዋልኩት።» ቀና ብላ አላየችኝም።

ምን ልበል? አንኮበርን ሁሉ አስለቅሻለሁ እኮ።

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ ያንቺ ለብቻው ይሰማ ነበር» አልኳት።

ዞር ስል ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። አለቀልኝ አልኩ። መንደሩን የምትዞርበት ወሬ አገኘች...

ልጅቷን አቅፋ ሳመቻትና፣ «እውነቷን ነው፤ እኔም ለይቼዋለሁ» አለች።