ስልኩ ጎንደር አልዘነበም አለ

ይድረስ ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ታዴዎስ፤

ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እዚህ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ምግብ ቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር በደኅና አለሁ።

የአሠሪዬ የጋሽ ገብረመድህን ልጅ አቤል በአፍ የሚታዘዝ ስልክ ገዝቷል። በእንግሊዝኛ ሲጠይቁት ከኢንተርኔት መልስ ያመጣል። እኔ ስጠይቀው ግን አንድም ቃል አልገባውም። አቤልም «ተወው ጥሩሰው፣ እሱም እንዳንተ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው እሑድ ስደውልልዎ፣ እናታችን በዝናቡ ምክንያት ከጎረቤት መመለስ እንዳቃታት ነግረውኝ ነበር። አቤልን የጎንደርን ዝናብ እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ስልኩ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ነበር አለ። እጅግ ተናደድኩ። የሰው አገር ዕቃ የእኛን ሰማይ ከየት ያውቀዋል? እርስዎስ ቢሆኑ፣ ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ከዚያም በፊት ተኝታለች ሲሉኝ፣ ቀስቅሰው ሊያገናኙኝ አይችሉም ነበር? ድምፅዋን ከሰማሁ ሁለት ወር አለፈኝ።

ትናንት ገና ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ገብረመድህን ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው በሬን አንኳኩ። አልከፈትኩም። የሥራ ጉዳይ ከሆነ ሥራ ቦታ ይነገረኛል ብዬ ከውስጥ ጮኽኩባቸው። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ ክፈትልን» እያሉ ቆዩና ሄዱ።

እባክዎ፣ ሰው አይላኩብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። መናገር ቢደክማት እንኳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያኑሩልኝ፤ እኔ እናገራለሁ።

ጉልበቷን መሳሜን ይንገሩልኝ።

አክባሪ ወንድምዎ ጥሩሰው
ናይሮቢ፣ ግንቦት 2001 ዓ.ም.