አበባ ይዞ የቆመው ሰውዬ

ልጄ ምናለ፣ የቁስቋሟ እመቤት ከብርዱም ከክፉ ሰውም ትሰውርህ። እኛ አለን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል። ይህን የላክሁት ወደዚያ በሚመለሰው የሆስፒታል ሐኪም እጅ ነው፤ ፖስታ ቤቱን ፈራሁ።

እዚያ ለንደን ሆነህ በቴሌቪዥን አየሁት ብለህ የጻፍክልን ቀልድ፣ ያ አበባ ይዞ ቆሞ የቀጠራት ልጅ የቀረችበት ሰውዬ፣ በሳቅ ገደለን። ወንድምህ አንዳርጋቸው ከጓሮ ጽጌረዳ ቀጥፎ፣ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ሲያስመስለው የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ደረሱ። «ቀጠሮህ ከማን ጋር ነው? አበባውስ የምን ምልክት ነው?» ብለው ወሰዱት።

ተከትዬ ሮጥሁ። ቀልድ ነው ብል ማን ሊያምነኝ! የቀበሌው ሊቀመንበር «እስቲ አሳዪን» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ አበባውን ይዤ ከፊቱ ቆሜ የማትመጣ ልጅ ጠበቅሁ። አበባው እጄ ላይ ረገፈ። አንድም የሳቀ የለም።

ሲበቃቸው ለቀቁልኝ። ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ልጁ ፊቱ አመድ ይመስላል።

እባክህ፣ ከእንግዲህ ስለ አየሩና ስለ ጤናህ ብቻ ጻፍልኝ። ጠባቂ መልአክህ አይለይህ፤ ዓይንህን ሳላይ አይውሰደኝ።

ልጅቱ ግን በመጨረሻ መጣችለት ወይ? እሱንም አትጻፈው፤ ስትመጣ በጆሮዬ ትነግረኛለህ።

እናትህ ይርገዱ