ላልተወለደ ሻምበል የተተከለ ድንኳን

ለተከበሩ አቶ ኃይለመስቀል፣
የታችኛው ሰፈር እድር ሊቀመንበር፣ የድንኳኑ፣ የአግዳሚ ወንበሮቹና የትልልቅ ድስቶቹ የበላይ ጠባቂ፤
ኮልፌ ቀራኒዮ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ከዚህ የክረምት ብርድ ጋር ተስማማ? ባለፈው እሑድ ከድንኳኑ ሲወጡ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ጉልበትዎ እንዳላስብ መክሮኛል፤ እኔ ግን አክባሪዎ ነኝና መጠየቄን አልተውኩም።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ እኔ ጃለታ ነኝ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጋር በስምምነት ተለያይቼ አስፈሪ ታሪክ የምጽፈው። በየክረምቱ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አባዝቼ አየር ጤና ታክሲ መያዣው ላይ እሸጣለሁ። በሁዳዴም ለጿሚው አንባቢ ደም የሌለበት የጾም እትም አወጣለሁ። አምና ደግሞ ታሪኬን በድምፅ ቀድቼ ለአንድ ሚኒባስ ሰጥቼ ነበር፤ ከጦር ኃይሎች የተሳፈረው ሁሉ ፌርማታው ሳይደርስ ወራጅ እያለ ስላስቸገረ ሾፌሩ በትሕትና መልሶልኛል።

ዘንድሮ አዲሱን ታሪኬን ለሰፈሩ እንዳነብ የእድሩን ድንኳን ስለፈቀዱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ሁለተኛ እንዳልነካው ስለከለከሉኝም እንዲሁ። ለጳጉሜ የቀጠርኩት የቀሪው ክፍል ንባብ እነሆ ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ በዚህ ዝናብ ያለ ድንኳን ቆሞ የሚሰማኝ እንቁራሪት ብቻ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥሩምባውን በሚመለከት። ለንባቡ ሰው እንዲጠሩልኝ የእድራችንን ለፋፊ ጋሽ ነገሬን ለምኜ፣ የሻምበል ወዬሳን አሟሟት የሚተርክ ታሪክ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚነበብ አስረድቻቸው ነበር። ጋሽ ነገሬ ግን በዚያ ጥሩምባ ከሞት በቀር ሌላ ነገር ለፍፈው ስለማያውቁ፣ አፋቸው በለመደው መንገድ ሄዶ ሻምበል ወዬሳ አርፈዋልና አባላት ሁሉ ድንኳን እንዲገኙ ብለው ሰፈሩን አዳረሱት። ሻምበል ወዬሳን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ እንኳን ሊሞቱ አልተወለዱም። ጋሽ ነገሬን ግን አልወቅስም፤ የእኔን መጽሐፍ እንዲህ ያስተዋወቀልኝ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛውን በሚመለከት። ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሟቹን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሟቹ ማን ነበሩ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ስለሆነ ሁሉም የየራሱን ሻምበል ይዞ መጣ። አንዱ አብረን ዘብ ቆመናል አለ። እትዬ ዱሬቲ ደግሞ አንድ ቀን ዝናብ ሲመታቸው ሻምበሉ በመኪናቸው ከአስኮ እንዳደረሷቸው እያነሱ አነቡ። እኔ በታሪኬ ውስጥ መኪና አልሰጠኋቸውም።

ሦስተኛ፣ ንግግርዎን በሚመለከት። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እርስዎ ቀድመውኝ ተነሡ፤ ጉሮሮዎን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦ «ሻምበል ወዬሳን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እድራችን ምሰሶውን አጣ።» ጌታዬ፣ እኔ ሰውዬውን ለመፍጠር ግንቦትን ሙሉ ተጨንቄያለሁ፤ እርስዎ ግን ቆመው ሳሉ አስተዳደግ፣ ደግነትና የተማሩ ልጆች ጨመሩላቸው። ለዚህ የሙያ እርዳታ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይህም ሳይበቃዎ የሟቹን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ በስሜ ጋበዙኝ። ታላቅ ሲያዝ እምቢ አይባልምና አነበብኩ።

ሻምበሉ ተወለዱ፣ አደጉ፣ ሞቱ፤ ሕዝቡም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ከሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ሆነው ክዳኑን ያንኳኩበት ገጽ ላይ ስደርስ የድንኳኑ ብረት ኳ፣ ኳ አለ። በእግሬ የመታሁት እኔ እንደሆንኩ የሚወራው ያልተጣራ ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ረግጦ እንደወጣ አላነሳም፤ ሊቀመንበር ሁልጊዜ ከፊት መገኘቱ ግን የሚያስመሰግን ነው።

የመጨረሻው ክልከላው ነው። ድንኳን የሚሰጠው ለሞተ ሰው ብቻ ነው ብለው ወስነዋል፤ እኔም ሞቼ ሬሳዬን እስካመጣልዎ መጠበቅ ይኖርብኛል ማለት ነው። ግን እስቲ ያስቡት፤ የሸሸው ሰው ወደ ቤቱ አልገባም። አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣ አንዱ የሌላውን አሯሯጥ እያሳየ፣ ነጠላውን አቃንቶ ሲስቅ አመሸ። በዚህ ሰፈር ሁላችንም አንድ ላይ የምንቀመጠው ሰው ሲጎድልብን ነው። ያን ቀን ማንም ሳይጎድል ተሰበሰብን። እኔ የምለምንዎ ይህንኑ ለጳጉሜ አንዴ እንዲደግሙልኝ ነው፤ ይህን ስጽፍ አልቀለድኩም።

ድንኳንዎ አይቀደድ፣ ወንበርዎ አይሰበር፣ ያ አንደበትዎ ወደፊት በሚያውቁት ሰው ላይ ይዋል እያልኩ፣ በሩቅም በቅርብም እጅ የምነሣዎ፣
ጃለታ፣ የሻምበል ወዬሳ ብቸኛ ሕጋዊ ቤተሰብ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጅዎ ሉሲ ትናንት መጥታ፣ የላኳት እርስዎ መሆንዎን ለማንም እንዳልናገር አስምላ፣ ሻምበሉ ከሣጥኑ ወጥተው ወዴት እንደሄዱ ጠየቀችኝ። ቀሪው የሚነበበው በድንኳን ሥር ስለሆነ ይቅርታ ጠይቄ መለስኳት። እስከዚያ እንዳይጨነቁ ግን ይህችን ብቻ ልንገርዎ፤ ሻምበሉ መጀመሪያ የሚያንኳኩት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ሰው በር ነው።